የልምምዱ ውጤትና የፈተናው ውጤት ለምን ይለያያሉ?

በሒሳብ ፈተና ዝግጅት ውስጥ ተማሪን፣ ወላጅንና መምህርን በአንድነት ከሚያስጨንቁ ነገሮች አንዱ የልምምድ ፈተናው የሰጠው ውጤትና እውነተኛው ፈተና የሰጠው ውጤት አለመገናኘታቸው ነው። ለወራት የተዘጋጀ ተማሪ በልምምድ 700 ሲያገኝ ቆይቶ በፈተናው ቀን 620 ሲመጣለት፣ አንዳንዱ ተማሪው ፈርቷል ወይም ችላ ብሏል ብሎ ይፈርዳል፤ ሌላው ደግሞ ፈተናው ሆን ተብሎ እንዲከብድ ተደርጓል ይላል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከሁለቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የልምምድ ፈተናው እውነተኛውን ፈተና በምን ይመስለዋል፣ በምንስ ሊመስለው አይችልም የሚለው ነው። ይህ ንግግር የሚያስረዳው የልምምድ ፈተና የተማሪውን ጉድለት ነቅሶ ለማውጣት እጅግ የሚጠቅም፣ የመጨረሻ ውጤትን አስቀድሞ ለመናገር ግን ደካማ የሆነ መሣሪያ መሆኑን፣ ብዙው ኀዘንና ወቀሳም የሚመጣው ይህን ሁለተኛ ሥራ ከእርሱ በመጠበቅ መሆኑን ነው።

ምሳሌ የሚሆነው ፈተና

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመልከት በተለምዶ ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሒሳብ ክፍል ይመቻል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1926 ሲሆን (የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ በአሜሪካ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ሆነው ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ተማሪዎች ይፈተኑታል። አዘጋጁ ኮሌጅ ቦርድ ፈተናውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያሸጋገረው ከአሜሪካ ውጭ በማርች 2023፣ በአሜሪካ ውስጥ ደግሞ በማርች 2024 ነው። በአዲሱ ቅርጽ የሒሳቡ ክፍል ሞጁል በሚባሉ ሁለት ምዕራፎች የሚሰጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሞጁል 22 ጥያቄዎችና 35 ደቂቃ አለው፤ ይህም ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 95 ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ከጥያቄዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ምርጫ ናቸው፤ በቀሩት ተፈታኙ መልሱን ራሱ ይጽፋል፤ ዴስሞስ የተባለው ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተርም በፈተናው መተግበሪያ ውስጥ ይገኛል። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው ሚዛን ይነገራል።

ኮሌጅ ቦርድ ብሉቡክ በተባለው በዚሁ የፈተና መተግበሪያ አማካይነት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል፤ በመልክ፣ በጊዜና በርእሶች ድርሻ ከእውነተኛው ፈተና ጋር ከእነዚህ ይበልጥ የሚቀራረብ ነገር አይገኝም። እንዲህም ሆኖ ኮምፒዩተራዊው ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ከተፈታኞች በተደጋጋሚ የሚሰማው ቅሬታ የእውነተኛው ፈተና ሁለተኛው የሒሳብ ሞጁል በልምምዱ ከታየው የከበደ ነው የሚል ነው። ድርጅቱ በ2025 መጀመሪያ አዳዲስ የልምምድ ፈተናዎችን ሲጨምር ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹን ከመተግበሪያው አንሥቷል። የተሻለ የልምምድ ፈተና ሲገኝ ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል፤ ጨርሶ የማይጠፋበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ውጤቱ እንዴት እንደሚወለድ ማየት ያስፈልጋል።

የጋራ ሚዛን እንዴት ይሠራል

ደረጃውን የጠበቀ ፈተና ማለት ለሁሉም ተፈታኝ በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚሰጥ፣ በአንድ ዓይነት ደንብ የሚታረምና ውጤቱ በአንድ የጋራ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ፈተና ነው። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። በመከር የሚሰጠውና በፀደይ የሚሰጠው ፈተና የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚይዙ በክብደት ፍጹም እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ የፈተና ባለሙያዎች በትክክል የተመለሱትን ጥያቄዎች ቆጥረው ብቻ ውጤት አይሰጡም፤ የከበደው ፈተና የደረሰው ተማሪ እንዳይጎዳ፣ የቀለለው የደረሰውም ያለ አግባብ እንዳይጠቀም በስታቲስቲክስ ስሌት ሁለቱን ወደ አንድ ሚዛን ያመጧቸዋል። ይህ ሥራ ውጤትን ማመጣጠን ይባላል። ሚዛኑም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የኤስ ኤ ቲ ሚዛን በ1941 በተፈተኑ ተማሪዎች ላይ ተመሥርቶ ለአምሳ ዓመታት ያህል ከቆየ በኋላ፣ የተፈታኙ ሕዝብ ስለ ተለወጠ በ1995 እንደገና ተስተካክሏል። ስለዚህ 650 የሚለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ስሌትና ከተፈታኞቹ ሕዝብ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው።

ማመጣጠን የሚቻለው ደግሞ የእያንዳንዱ ጥያቄ ጠባይ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በኤስ ኤ ቲ የሒሳብ ክፍል በየሞጁሉ ካሉት 22 ጥያቄዎች ሁለቱ ነጥብ የማይያዝባቸው የሙከራ ጥያቄዎች ናቸው፤ አዘጋጆቹ እነዚህን በእውነተኛ ተፈታኞች መካከል አስገብተው ስንት ሰው እንደሚመልሳቸው፣ ጎበዙን ከደካማው ምን ያህል እንደሚለዩ ያጠናሉ፤ ያለፉት ለወደፊት ፈተና ይቀመጣሉ። ተፈታኙ የትኞቹ የሙከራ ጥያቄዎች እንደሆኑ ስለማያውቅ፣ ከፈተና አዳራሽ ሲወጣ የሚያስታውሰው እንግዳ ጥያቄ ምናልባት ጨርሶ ያልተቆጠረ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አንድ የመጽሐፍ አሳታሚ ወይም የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀው የልምምድ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ የሙከራ መረጃ የለውም፤ የጥያቄው ክብደት የሚወሰነው በአዘጋጁ ግምት ነው፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ 700 ተብሎ የሚሰጠው ውጤትም ከእውነተኛው ሚዛን ጋር የሚያገናኘው ስሌት ከሌለ ስሙን ብቻ የተዋሰ ቁጥር ነው።

ሁለት መንገድ ያለው ፈተና

ኮምፒዩተራዊው ኤስ ኤ ቲ ተጣጣሚ ፈተና ነው፤ ይኸውም ሁለተኛው ክፍሉ በመጀመሪያው በታየው ችሎታ መሠረት የሚለወጥ ፈተና ማለት ነው። የመጀመሪያው ሞጁል ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ጥያቄዎችን አደባልቆ ይይዛል፤ በእርሱ ጥሩ የሠራ ተማሪ የከበደ ሁለተኛ ሞጁል ይቀርብለታል፤ ያልተሳካለት ደግሞ የቀለለው ይቀርብለታል፤ ወደ ቀላሉ የሄደው ተማሪ ቀሪዎቹን ጥያቄዎች በሙሉ ቢመልስ እንኳ ከፍተኛውን ውጤት ሊያገኝ አይችልም። ውጤቱ የሚሰላው የጥያቄ ምላሽ ንድፈ ሐሳብ በሚባለው ስልት ነው፤ ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ጌዮርግ ራሽ በ1960 ባሳተመው ሥራና አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ሎርድ ባካሄዳቸው ምርምሮች የዳበረው ይህ ስልት ስንት ጥያቄ ተመለሰ የሚለውን ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ተመለሱ የሚለውን ጭምር ይመዝናል። በመሆኑም እኩል ቁጥር የመለሱ ሁለት ተማሪዎች የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ማርክ ከመቶ ሲቆጠር ባደገ ወላጅ ዓይን ይህ አድልዎ ይመስል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከባዱን ጥያቄ የመለሰና ቀላሉን የመለሰ ስለ ችሎታቸው የሰጡት ማስረጃ እኩል ባለመሆኑ ነው ስልቱ የሚለያቸው።

ከዚህ ለልምምድ ፈተና ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ በሁለቱ መንገዶች ወሰን ላይ ለሚገኝ ተማሪ በመጀመሪያው ሞጁል የተሳሳተ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ የቀረውን ፈተና በሙሉ ሊለውጥበት ስለሚችል፣ የልምምዱና የፈተናው ውጤት መራራቅ ከችሎታው መለወጥ ጋር ላይያያዝ ይችላል። ሁለተኛው፣ በወረቀት ታትሞ የሚሠራ ልምምድ ሁሉ ይህን የመንገድ ለውጥ ሊያሳይ አይችልም። ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ለወረቀት በሚያወጣቸው የልምምድ ፈተናዎች የጥያቄዎቹ ብዛት ከኮምፒዩተሩ ይለያል፤ የውጤት ሰንጠረዡም አንድ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ይሰጣል። ይህ የሚመሰገን ሐቀኝነት ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን የላይኛውን ወሰን ብቻ ለራሱ ይወስዳል።

አንድ ዕውቀት በሁለት ልብስ

እስካሁን የተነገረው ስለ ሚዛኑ ነበር፤ ከዚህ ይልቅ የሚበረታው ልዩነት ግን የሚፈጠረው በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንድ የልምምድ ጥያቄ ቀ² − 6ቀ + ሐ = 0 የሚለው እኩልታ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ሐ ስንት መሆን አለበት ብሎ ይጠይቅ እንበል። ዲስክሪሚናንት የሚባለው፣ የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ስንት መልስ እንዳለው የሚነግረው ስሌት ዜሮ መሆን እንዳለበት የተማረ ሰው 36 − 4ሐ = 0 ብሎ 9 ያገኛል። እውነተኛው ፈተና ደግሞ ሸ = 4ቀ + መ የተባለው ቀጥታ መስመር ሸ = ቀ² − 2ቀ + 3 የተባለውን ፓራቦላ በአንድ ነጥብ ብቻ ቢያገኘው መ ስንት ነው ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱ ሲተካከሉ የሚገኘው ቀ² − 6ቀ + (3 − መ) = 0 ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ስለሆነ 3 − መ = 9፣ መ ደግሞ −6 ይሆናል። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚፈልጉት ዕውቀት አንድ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው አንድ ነጥብ የሚለው ቃል አንድ መልስ ከሚለው ጋር መገናኘቱን ተማሪው ራሱ እንዲያይ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ዓይነት አርባ ጊዜ የሠራ ተማሪ በሁለተኛው ፊት ከቆመ በኋላ ይህንን አልተማርንም ሲል ቢሰማ፣ የጎደለው ስሌቱን ማወቅ ሳይሆን መለየት ነው።

ይህን ጉዳይ በግልጽ ያሳየ ጥናት በአሜሪካ የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 አሳትመዋል። ተማሪዎች የአራት ዓይነት ጠጣር ቅርጾችን ይዘት መፈለግ ሲማሩ፣ አንዱ ቡድን ጥያቄዎቹን በየዓይነታቸው ተሰብስበው ሠራ፤ ሌላው ተደባልቀው ሠራ። በልምምዱ ወቅት ያልተደባለቀው ቡድን 89 በመቶ ሲያገኝ የተደባለቀው 60 በመቶ ብቻ አገኘ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ያልተደባለቀው ወደ 20 በመቶ ሲወርድ የተደባለቀው 63 በመቶ አገኘ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከባድ ነው፤ ልምምድ ሲቀል የሚገኘው ከፍተኛ ውጤት ራሱ የደካማ ዝግጅት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የምዕራፉ ርእስ የትኛውን ዘዴ መጠቀም እንደሚገባ አስቀድሞ ይነግራልና፣ በእውነተኛው ፈተና ግን ይህን የሚናገር ርእስ የለም።

የሕዝብ ትምህርትንም በሚመለከት ተመሳሳይ ማስረጃ አለ። ዳንኤል ኮሬትዝና ባልደረቦቹ በ1991 ባቀረቡት ጥናት፣ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የትምህርት ወረዳ ተማሪዎች ለዓመታት የለመዱት ፈተና በሌላ ሲተካ የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት በግማሽ የትምህርት ዓመት ያህል ወደቀ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት መምህራንና ተማሪዎች አዲሱን ፈተና ሲለምዱት ውጤቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ተመራማሪዎቹ አሮጌውን ፈተና መልሰው ቢሰጡ በእርሱ የሚገኘው ውጤት ወድቆ ተገኘ። ያደገው የሒሳብ ዕውቀት ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ፈተናዎች በታየ ነበር፤ ያደገው ግን በአብዛኛው የአንድ ፈተና ልማድ ነበር።

ቁጥሩን ማንበብ

ማንኛውም ልኬት ስሕተት አለው፤ በፈተናም ተማሪው በዕውቀቱ ሳይለወጥ በሌላ ቀን ሌላ ቅጽ ቢፈተን ውጤቱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የልኬት ስሕተት የሚባለው ይህ መዋዠቅ በኤስ ኤ ቲ ሒሳብ ወደላይም ወደታችም 30 ነጥብ ገደማ ነው። ሁለት ውጤቶች ሲነጻጸሩ ደግሞ የሁለቱም ስሕተት ስለሚገባበት የልዩነታቸው መዋዠቅ ወደ 42 ይሰፋል። ስለዚህ በልምምድና በፈተና መካከል 40 ነጥብ ያህል መራራቅ ያለ ምንም ምክንያት ሊከሰት የሚችል ነገር ነው፤ ማንንም መውቀስ አያስፈልግም፤ 80 ነጥብ ሲሆን ግን ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ይሆናል።

ይህን ልዩነት ከሚያሰፉት ልማዶች ዋነኛው ከብዙ የልምምድ ውጤቶች ከፍተኛውን መርጦ የእኔ ደረጃ ይህ ነው ማለት ነው። ከፍተኛው ውጤት ዕውቀትና መልካም ዕድል የተገናኙበት ቀን ውጤት በመሆኑ ቀጣዩ ከእርሱ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያጠና ያስተዋለው ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ሕግ እዚህም ይሠራል። ሌላው ያዩትን ጥያቄ መልሶ መፈተን ነው። ኮሌጅ ቦርድ በሚያቀርበው የጥያቄ ባንክ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች አንዳንዶቹ በልምምድ ፈተናዎቹ ውስጥም ስለሚገኙ፣ እነዚህን ለይቶ የሚያስቀር ምርጫ በባንኩ ላይ ተቀምጧል፤ ይህን ሳያውቅ ባንኩን የጨረሰ ተማሪ በኋላ የሚወስደው የልምምድ ፈተና ከሒሳብ ይልቅ ትውስታውን ይለካል። ከእነዚህ በተጨማሪ በቤት ውስጥ ሰዓት አቁሞ ውሃ መጠጣት፣ ስልክ ማየት፣ ሁለቱን ሞጁሎች በተለያየ ቀን መሥራት ሁሉ አንድ ዓይነት ሁኔታ የሚለውን የደረጃ ትርጉም ያፈርሳሉ።

በኢትዮጵያ ያለው ሞዴል ፈተና

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሞዴል ፈተና ተብሎ ለሚታወቀው ዝግጅትም ይሠራል። ሞዴል ፈተና የሚያዘጋጁት እንደየሁኔታው የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ወረዳው፣ ዞኑ ወይም ክልሉ ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ካለፉት ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች ይወስዳሉ፤ በአንድ ትምህርት ቤት የተገኘ 70 በሌላው ከተገኘ 70 ጋር፣ ሁለቱም ከብሔራዊው ፈተና ጋር የሚመጣጠኑበት ስሌት ግን የለም። ሁኔታው ሲለወጥ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች እያደሩ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። የእነዚህ ቁጥሮች ምክንያት ከሞዴል ፈተና እጅግ የሰፋ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመምህራን ሥልጠና፣ ለዓመታት የዘለቀ ኩረጃ ሁሉ ይገባበታል። ሆኖም በእንዲህ ያለ ጊዜ ተማሪው ያለበትን በጊዜ ሊነግረው የሚችለው ቅርብ መሣሪያ ሞዴል ፈተናው ስለሆነ፣ ለማበረታታት ሲባል ማቅለል ወይም ያለፈውን ዓመት ፈተና እንዳለ መድገም ተማሪውን የሚጎዳ ቸርነት ነው።

ተገቢው አጠቃቀም

የልምምድ ፈተና የሚጠቅመው ከቁጥሩ ይልቅ ስሕተቶቹ ሲነበቡ ነው። ስሕተቶችም በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ፤ ተማሪው ትምህርቱን ስላላወቀው የተሳሳተው፣ ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው የትኛውን ዕውቀት እንደሚፈልግ ስላልለየ የተሳሳተው፣ ሁለቱንም ይዞ በጊዜ ማነስ ወይም በትኩረት መጓደል የተሳሳተው ናቸው። የመጀመሪያው ወደ መማሪያ መጽሐፍ መመለስን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የተደባለቁና ልብሳቸው የተለወጠ ጥያቄዎችን መሥራትን ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ብቻ ሰዓት ተይዞ በሚደረግ ተጨማሪ ፈተና ይድናል። ብዙ ተማሪ ለሦስቱም አንድ መድኃኒት፣ ማለትም ሌላ ሙሉ የልምምድ ፈተና ስለሚወስድ፣ ያሉትን ጥቂት ጥሩ ፈተናዎች ጨርሶ ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ይፋዊ ፈተናዎችን ሳይነኩ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ማቆየት፣ እነርሱንም በፈተናው ሰዓትና ደንብ መውሰድ፣ ግምትንም ከከፍተኛው ሳይሆን ከቅርብ ጊዜዎቹ ውጤቶች መካከለኛው ላይ መመሥረት ይበጃል።

አዘጋጆችም ግዴታ አለባቸው። የልምምድ ፈተና የሚሸጥ ወይም የሚያድል ሁሉ ጥያቄዎቹ በተማሪዎች ላይ ተሞክረው እንደሆነ፣ ውጤቱ ከእውነተኛው ሚዛን ጋር በምን እንደ ተገናኘ፣ ፈተናውም ተጣጣሚ መሆን አለመሆኑን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊናገር ይገባዋል። ይህ በተለይ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚከፍሉት ለሌላቸው ቤተሰቦች አስፈላጊ ነው፤ የግል አስጠኚ ያለው ተማሪ የተሳሳተ ቁጥር ቢደርሰው የሚያርምለት ሰው ያገኛል፤ የሌለው ግን የታተመውን አምኖ ያቅዳል፣ የሚያመለክትበትንም ዩኒቨርሲቲ በእርሱ ይመርጣል። መምህራንም ከሚቀጥለው የልምምድ ፈተና በኋላ ለተማሪውና ለወላጁ ሁለት ነገሮችን ቢሰጡ ይህ ንግግር የጠየቀው ተፈጸመ ማለት ይቻላል፤ በአንድ ቁጥር ፈንታ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ የተጻፈበት ውጤት፣ ከእርሱም ጋር ስሕተቶቹ በሦስቱ ዓይነት ተለይተው የተዘረዘሩበት ወረቀት።